የሞገድ ዳንቴል፦ የሼትላንድን ሻል በሁለት መርፌ ከመነሻው እስከ መወጠሪያው

የመጀመሪያውን የዳንቴል ሻሌን ጨርሼ ከመርፌው ያወጣሁ ዕለት አክስቴ አነሳችውና አገላብጣ አየችው። ብርሃን ላይ ዘረጋችው፤ መልሳ አጣጠፈችው። ከዚያ «ይኼ ልብስ ነው ወይስ የጠላ ማጥለያ?» አለችኝ። ልቀየማት አልቻልኩም፤ እውነቷን ነበር። ሁለት ወር የለፋሁበት ነገር የተጨማደደ፣ የተኮማተረ፣ ቀዳዳው ከቀዳዳ የማይለይ ጨርቅ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ፍራሽ ላይ በስፒል ወጥሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፒሉን ስነቅል ከፍራሹ ላይ የተነሣው ሌላ ልብስ ነበር። አክስቴ ለእሑድ አውሺኝ አለች። እስካሁን አልመለሰችውም።

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው የዳንቴል ሻል ጀምሮ መሃል ላይ የሚተወው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው። መርፌ ላይ ያለ ዳንቴል መልኩን አያሳይም። ማማሩን በዓይን መፍረድ አይቻልም፤ የሚታመነው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከሰመረ ቀሪውን ውኃና ስፒል ይጨርሱታል።

እኛ አገር ዳንቴል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በኪሮሽ የሚሠራው፣ ቴሌቪዥንና ሶፋ ላይ የሚነጠፈው ነጭ ጌጥ ነው። እዚህ የምንሠራው ግን ሹራብ በሚሠራበት በሁለት መርፌ ነው። ኪሮሽ አንዱን ዓይን፣ ማለትም አንዱን የክር ቀለበት፣ ጨርሳ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች፤ በሁለት መርፌ ሲሆን የረድፉ ዓይኖች በሙሉ መርፌው ላይ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በዚህ የተነሣ ጨርቁ የሳሳ፣ የሚለጠጥና ትከሻ ላይ ሲጣል ረብቦ የሚወርድ ይሆናል። ጉዳቱ አንድ ዓይን ካመለጠ እየተተረተረ ቁልቁል መሄዱ ነው። መድኃኒቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሞገዱ የመጣበት አገር

ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በሰሜን ባሕርና በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ ወደ 100 የሚጠጉ ደሴቶች ናቸው። የትም ቦታ ብትቆሙ ባሕሩ ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ዛፍ እምብዛም የለም፤ ነፋስ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። የደሴቶቹ ሴቶች ለዳንቴል ንድፎቻቸው ያወጡላቸውን ስሞች ስትሰሙ በዙሪያቸው ያዩትን ሁሉ በመርፌ እንዳስቀሩት ይገባችኋል፦ የድመት መዳፍ፣ የወፍ ዓይን፣ የፈርን ቅጠል፣ የማዕበል አሻራ።

እጅግ ረቂቁ ሥራ የሚታወቀው በሰሜን ጫፍ ባለችው ደሴት ነው። ስሟ አንስት ይባላል። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ሴቶች ማለት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። የአንስት ሴቶች ከበጉ አንገት አካባቢ ያለውን ለስላሳ ፀጉር ሳይሸልቱ በእጃቸው ነቅለው፣ እንደ ስፌት ክር አቅጥነው ፈትለው፣ ጎኑ 1.8 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ሻል ይሠሩበት ነበር። ይህ ሁሉ ጨርቅ በጋብቻ ቀለበት ውስጥ ተስቦ ያልፋል፤ ስሙም የጋብቻ ቀለበት ሻል ነው።

ዱሮ የተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ሴቶቹ ለማገዶ የሚቆፈረውን አፈር በቅርጫት አዝለው መንገድ እየሄዱ ሹራብ ሲሠሩ ይታያሉ። ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ቀበቶ አንደኛውን መርፌ ሰክቶ ይይዝላቸዋል። እንዝርት እያሾሩ ጎረቤት የሚያጫውቱ እናቶችን ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ክፍያው ግን ከድካሙ ጋር አይገናኝም ነበር። ነጋዴው በጥሬ ገንዘብ ፋንታ ሻይና ጨርቅ ይሰጣቸው ነበር፤ ይህን አሠራር ያጣራው የብሪታንያ መንግሥት ኮሚሽን በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ሼትላንድ ሪፖርት አውጥቷል።

የምንሠራው ንድፍ ኦልድ ሼል ይባላል። ስሙ አሮጌ ዛጎል ከሚለው በደሴቶቹ አነጋገር የመጣ ነው ይባላል። ተሠርቶ ሲዘረጋ ግን ሞገድ ጠጠራማ ዳርቻ ላይ ተኝቶ ሲመለስ የሚተወውን ቅስት መስመር ይመስላል። ንድፉ አራት ረድፍ ብቻ ነው፤ ከአራቱም ማሰብ የሚጠይቀው አንዱ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ዳንቴል አላውቅም።

ክርና መርፌ

የሚያስፈልጋችሁ 100 ግራሙ 400 ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጭን የሱፍ ክር፣ ሁለት ጥቅል ነው። ሻሉ 550 ሜትር ያህል ይበላል፤ የሚተርፈው ለናሙናና ለስሕተት ይሆናል። ሁለቱም ጥቅሎች ከአንድ የቀለም ምድብ መሆናቸውን ወረቀታቸው ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክሩ። ሱቅ ውስጥ አንድ የሚመስል ቀለም ትከሻ ላይ ሲዘረጋ ሁለት ሊሆን ይችላል።

መርካቶ ብትወጡ አብዛኛው የምታገኙት አክሪሊክ ነው። ሱፍ ካጣችሁ በእርሱም ይሠራል፤ አወጣጠሩ ግን ይለያል፣ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ። የጥጥ ክር ውብ ቢሆንም ይከብዳል፤ የተወጠረበትንም ቅርጽ እንደ ሱፍ አይዝም። የመንዝ በግ ፀጉር ለባናና ለምንጣፍ የታወቀ ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ግን አንገት ላይ ለሚያርፍ ዳንቴል አልመክረውም። ቀለሙ አንድ ወጥና ፈዘዝ ያለ ይሁን። ጥቁር ክር በማታ መብራት ዓይን ያጠፋል፤ ዥንጉርጉር ክር ደግሞ የለፋችሁበትን ሞገድ ይውጠዋል።

መርፌው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሁለቱ ጫፎቹ በገመድ የተያያዙለት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የሻሉ ክብደት ገመዱ ላይ ስለሚያርፍ አንጓችሁ አይደክምም። ጫፉ ሹል ይሁን፤ በደነዘዘ መርፌ ሁለት ዓይን አንድ ላይ መውሰድ ፈተና ነው። ከዚህ ሌላ አምስት ትንንሽ የምልክት ቀለበቶች አዘጋጁ፤ ከሌሏችሁ ከሌላ ቀለም ክር የተቋጠሩ ቀለበቶች ያገለግላሉ። ጫፉ የደነዘዘ የስፌት መርፌ፣ ቀጭን የጥጥ ክር፣ ሜትር፣ ማስታወሻ ደብተርና 80 ያህል የማይዝጉ ስፒሎችም ያስፈልጋሉ። የማይዝጉ ያልኩት በምክንያት ነው፦ አንድ ጊዜ በርካሽ ስፒል የወጠርኩት ነጭ ሻል ዳር ዳሩን የዝገት ነጠብጣብ ይዞ ቀርቷል።

አራት እንቅስቃሴዎች

ሹራብ ሠርታችሁ የምታውቁ ይህን ክፍል ዝለሉት። ለሌሎቻችሁ፣ መርፌው ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ዓይን እላታለሁ።

የፊት ዓይን ማለት ክሩን ከመርፌዎቹ በስተኋላ ይዛችሁ፣ የቀኙን መርፌ ከፊት ወደ ኋላ በዓይኑ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ክሩን ጠምጥማችሁ ወደ ፊት የምትስቡት ነው። አሮጌውን ዓይን ከግራው መርፌ ስትጥሉት አዲሱ በቀኙ ላይ ይቀራል። የጀርባ ዓይን ተቃራኒው ነው፦ ክሩ ከፊት ይሆናል፣ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ይገባል።

ጥምር ማለት ሁለት ዓይኖችን አንድ ላይ ወስዳችሁ እንደ አንድ የፊት ዓይን መሥራት ነው፤ ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል። ቀዳዳ ደግሞ ከባዶ አንድ ዓይን መፍጠር ነው። ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት አምጡት፤ ከዚያ በቀኙ መርፌ ላይ አሻግራችሁ ቀጣዩን የፊት ዓይን ሥሩ። የተሻገረችው ክር በሚቀጥለው ረድፍ እንደ ሙሉ ዓይን ትቆጠራለች፤ ከሥሯ የምትከፈተው ክፍተት ዳንቴልን ዳንቴል የምታደርገዋ ናት።

ሞገዱ ከየት ይመጣል

ይህን የተረዳ ሰው ንድፉን ወረቀት ላይ ማየት አያስፈልገውም። ንድፉ በየ18 ዓይኑ ይደጋገማል። በ18ቱ ውስጥ ስድስት ቀዳዳ አለ፤ ስድስት ጥምርም አለ። በስድስት የጨመርነውን በስድስት ስለምንከፍል የዓይኑ ብዛት አይለወጥም፤ ዕዳና ክፍያ እኩል ናቸው።

ጥበቡ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። ቀዳዳውና ጥምሩ ጎን ለጎን ቢሆኑ ኖሮ ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ስድስቱ ቀዳዳዎች መሃል ላይ ተሰብስበዋል፣ ጥምሮቹ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው ወደ ሁለቱ ዳር ተገፍተዋል። ቀዳዳ የበዛበት ቦታ ይሰፋና ረድፉን ወደ ላይ ያጎብጠዋል። ጥምር የበዛበት ቦታ ይጠብና ረድፉን ወደ ታች ይጎትተዋል። የሞገዱ አናት ቀዳዳው ነው፣ ሸለቆው ጥምሩ ነው። ማንም አላጎበጠውም፤ ክሩ ራሱ ቦታ ሲያገኝና ሲያጣ ነው የጎበጠው።

ናሙናውን አትዝለሉ

ሁሉም ሰው ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬ ተምሬያለሁ። 42 ዓይን ጀምሩ፦ ሁለት ድግግሞሽ 36፣ ዳርና ዳር ሦስት ሦስት። ከታች የተጻፈውን ንድፍ ስድስት ጊዜ ደግማችሁ፣ ወደ ኋላ እንደማሳያችሁ ዝጉ፣ እጠቡ፣ ወጥራችሁ አድርቁ። ከደረቀ በኋላ የአንዱን ድግግሞሽ ስፋት ለኩ። 11 ወይም 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መርፌያችሁ ትክክል ነው። ከጠበበ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ከፍ በሉ። ቀዳዳዎቹ ቅርጽ አጥተው እንደ ወንፊት ከሆኑ ወደ 3.5 ውረዱ። ሳይታጠብ የተለካ ናሙና ይዋሻል።

ሥራው

78 ዓይን መርፌው ላይ ጫኑ። 72ቱ ለአራት ድግግሞሽ፣ ስድስቱ ለሁለቱ ዳር ናቸው። አጫጫኑ መላላት አለበት። ጠበቅ ያለ መነሻ ሻሉን እንደ ከረጢት አፍ ይሰበስበዋል፤ ኋላም ምንም ያህል ብትወጥሩት አይሰጥም። እጃችሁ የሚጠብቅ ከሆነ መነሻውን ብቻ በወፍራም መርፌ ጭናችሁ ወደ ሥራ መርፌው አዛውሩት።

መጀመሪያ አራት ረድፍ ሙሉውን በፊት ዓይን ሥሩ። በአራተኛው ላይ የምልክት ቀለበቶቹን አስገቡ፦ አንድ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓይኖች በኋላ፣ ከዚያ በየ18 ዓይኑ፣ የመጨረሻው ከመጨረሻዎቹ ሦስት በፊት። አምስት ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ ንድፉ ይጀምራል።

1ኛ ረድፍ፦ ሁሉም የፊት ዓይን።

2ኛ ረድፍ፦ 3 የፊት ዓይን፣ 72 የጀርባ ዓይን፣ 3 የፊት ዓይን።

3ኛ ረድፍ፦ 3 የፊት ዓይን፤ ከዚያ በየቀለበቱ መካከል፦ ጥምር 3 ጊዜ፣ «አንድ ቀዳዳ፣ አንድ የፊት ዓይን» 6 ጊዜ፣ ጥምር 3 ጊዜ። ይህ አራት ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ 3 የፊት ዓይን።

4ኛ ረድፍ፦ ሁሉም የፊት ዓይን። ይህ በሥራው ጀርባ በኩል የሚሠራ ስለሆነ በፊት በኩል ጉብ ጉብ ያለ መስመር ይተዋል፤ የሞገዱ አረፋ እርሱ ነው።

እነዚህን አራት ረድፎች 100 ጊዜ ያህል ደጋግሙ። አንዱ ድግግሞሽ ሲወጠር 1.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ሻላችሁ ወደ 170 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ረድፍ ለመቁጠር አትጨነቁ፤ የአረፋውን መስመር ቁጠሩ፣ አንድ መስመር አንድ ድግግሞሽ ነው። በአንድ ረድፍ አምስት ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ጠቅላላው 34 ሰዓት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከወር ትንሽ ያልፋል።

ሦስተኛው ረድፍ በቅርብ

ሦስት የዳር ዓይን ሠርታችሁ የመጀመሪያውን ቀለበት ወደ ቀኝ አሳለፋችሁ። አሁን ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እያላችሁ ትወስዳላችሁ። ሦስት ጥምር በተከታታይ ሲሠራ ክሩ ጠበቅ ይላል፤ ሦስተኛው ላይ መርፌው አልገባም ሊል ይችላል። አትታገሉት፤ የግራውን መርፌ ጫፍ ትንሽ ወደ ታች ስባችሁ ዓይኖቹን አላሉ። ከዚያ ክሩ ወደ ፊት ይመጣል፣ ይሻገራል፣ አንድ ዓይን ይሠራል፤ ይመጣል፣ ይሻገራል፣ ይሠራል። ስድስት ጊዜ። ይህ ክፍል ዜማ አለው፤ እጁ ሲለምደው አፉ ሳይቆጥር ይቆጥራል። ስድስተኛዋ የፊት ዓይን ስታልቅ ግራው መርፌ ላይ ከሚቀጥለው ቀለበት በፊት ልክ ስድስት ዓይን መቅረት አለበት። አምስት ወይም ሰባት ከቀረ ቁሙ። ስሕተቱ ከዚህ በፊት ባሉት አሥራ ሁለት ዓይኖች ውስጥ ስለሆነ አሁን መፍታት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስድስት ከቀረ ሦስቱን ጥምር ሥሩና ቀለበቱን አሳልፉ።

የሠራችሁት ክፍል በቀኙ መርፌ ላይ 3፣ 12፣ 3 ሆኖ መታየት አለበት፤ ድምሩ ያው 18። በአራተኛው ረድፍ ስትመለሱ በየቀለበቱ መካከል 18 መኖሩን ቁጠሩ። አሰልቺ ነው፤ እርሱን የዘለለ ሰው ግን ከአሥር ረድፍ በኋላ ሲፈታ ያመሻል።

የመዳኛ ክር

አሁን ወደ መድኃኒቱ። በየአሥሩ ድግግሞሽ፣ 2ኛውን ረድፍ እንደ ጨረሳችሁ፣ ቀጭኑን የጥጥ ክር በደነዘዘው መርፌ ሰክታችሁ መርፌው ላይ ባሉት 78 ዓይኖች ውስጥ በሙሉ አሳልፉት። በምልክት ቀለበቶቹ ውስጥ እንዳታሳልፉት ተጠንቀቁ፤ ካለፈ ቀለበቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ቀለሙ ከሻሉ የተለየ ይሁን፤ ጫፍና ጫፉም 20 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። የትኛው ረድፍ ላይ እንዳስገባችሁት ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢበላሽ መርፌውን አውጥታችሁ እስከዚያ ክር ድረስ ትፈታላችሁ፤ ክሩ ዓይኖቹን ሁሉ ይዞ ይጠብቃችኋል። ቀጣዩን ስታስገቡ የድሮውን መሳብ ትችላላችሁ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን እተዋለሁ፤ አንድ ሌሊት በግማሽ እንቅልፍ ስሠራ ሁለቱም አስፈልገውኛል።

ለትንንሹ ስሕተት እስከዚያ መፍታት አያስፈልግም። አንዱ ክፍል 17 ከሆነ አንድ ቀዳዳ ረስታችኋል። ቀዳዳው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ በሁለት ዓይኖች መካከል ያለውን አግዳሚ ክር በግራው መርፌ አንሥታችሁ እንደ ዓይን ሥሩት። ከጎረቤቶቹ ትንሽ ይጠባል፤ ሲወጠር ከእናንተ በቀር ማንም አያውቀውም። 19 ከሆነ አንድ ጥምር ቀርቷል፤ በአራተኛው ረድፍ ቦታው ላይ ስትደርሱ ሁለቱን አንድ ላይ ሥሩ። ዓይን አምልጦ ቁልቁል መውረድ ከጀመረ መጀመሪያ በመርፌ ቁልፍ ያዙት፤ ከዚያ ኪሮሽ አምጡና ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ አውጡት። ለዚህ ሥራ ከኪሮሽ የሚስተካከል የለም።

የመጀመሪያው ጥቅል ሲያልቅ አዲሱን ክር በ1ኛው ረድፍ መነሻ፣ ዳር ላይ ጀምሩ። ከሁለቱም 15 ሴንቲ ሜትር ጫፍ ተዉ። ቋጠሮ አታድርጉ፤ በዳንቴል ውስጥ ቋጠሮ የሚደበቅበት ቦታ የለም።

አዘጋግ

የመጨረሻውን 4ኛ ረድፍ ስትጨርሱ እንደ መነሻው አራት ረድፍ በፊት ዓይን ሥሩ። ከዚያ የሚለጠጥ አዘጋግ እንጠቀማለን፦ ሁለት የፊት ዓይን ሥሩ፤ ሁለቱንም ወደ ግራው መርፌ መልሱና በጀርባቸው በኩል አንድ ላይ ሥሯቸው። ቀኙ ላይ አንድ ይቀራል። አንድ ጨምራችሁ ሥሩ፣ ሁለቱን መልሱ፣ አንድ ላይ ሥሩ። እንዲሁ እስከ ዳር። በመጨረሻው ዓይን ውስጥ ክሩን ቆርጣችሁ አሳልፉ።

ሁለቱ ጫፎች እንደማይመሳሰሉ አሁን ታያላችሁ። በመዝጊያው በኩል የሞገዱ አናቶች ክብ ክብ ብለው ይወጣሉ፤ በመነሻው በኩል የሚወጡት የጥምሮቹ ሸለቆዎች ናቸው። ይህን የማይወዱ ሠሪዎች ሻሉን በሁለት ግማሽ ሠርተው መሃል ላይ ዓይን ለዓይን ይሰፉታል። እኔ እተወዋለሁ፤ ሞገድም ሲመጣና ሲመለስ አንድ ዓይነት አይደለም።

ማጠብና መወጠር

ይህ ቀን ለብቻው ይሁን። ገንዳ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ሙሉና ጠብታ የፀጉር ሻምፖ ጨምሩ፤ ሱፍ ፀጉር ነው። ሻሉን አስጥማችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት። አትሹት፣ አትጭመቁት። ሱፍ በመታሸትና በሙቀት መለዋወጥ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ አይመለስም። በእጃችሁ ደግፋችሁ አውጡትና ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉት። ከዚያ በባዶ እግራችሁ ቁሙበት። ፎጣው ውኃውን ይጠጣል።

ንጹሕ አንሶላ የለበሰ ፍራሽ ወይም ስፖንጅ ላይ ዘርጉት። ሳይወጠር 38 በ135 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ የምንፈልገው 50 በ170 ነው። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች በስፒል ያዙና በሜትር ለኩ። ከዚያ መዝጊያው በኩል የአራቱን ሞገዶች አናት እየሳባችሁ አንድ አንድ ስፒል ስኩ። መነሻው በኩል በድግግሞሾቹ መካከል ያሉትን ሦስት የሸለቆ ጫፎች ሳቡ። በመጨረሻ ረጃጅሞቹን ጎኖች በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ያዙ፤ አንዱን ቀኝ፣ አንዱን ግራ እያላችሁ ሂዱ እንጂ አንድ ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሻገሩ፣ ሻሉ ይጣመማል። ሼትላንዶች ለዚህ ሥራ በዙሪያው ችካል ያለው የእንጨት ማዕቀፍ ነበራቸው፤ ቆዳ ሲወጠር ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል።

የስፒሉ ሥራ ሲያልቅ ቀና ብላችሁ እዩ። ያ ማጥለያ የመሰለው ነገር ቀዳዳዎቹን ከፍቶ፣ መስመሮቹ ተከታትለው ጎብጠው ይታያሉ። ፈጽሞ እስኪደርቅ አትንኩት። በክረምት ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ እርጥበት እያለው ከተነሣ ይሰበሰባል። የክሩን ጫፎች ከደረቀ በኋላ በጀርባ በኩል በአረፋው መስመር ውስጥ አስርጉና ያን ጊዜ ብቻ ቁረጡ። ሳይታጠብ የተቆረጠ ጫፍ ሲወጠር ሾልኮ ይወጣል።

አክሪሊክ የተጠቀማችሁ ውኃው ብቻ አይበቃችሁም። ደረቁን ሻል በስፒል ወጥራችሁ፣ እንፋሎት የሚያወጣ ካውያ ከጨርቁ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አንሳፉበት። አታስነኩት። እኔ አንድ ጊዜ አስነክቼ የሻሉ አንድ ጥግ እንደ ፌስታል አብለጭልጮ ተጣብቋል። እንፋሎቱ ቅርጹን ለዘለቄታው ያስይዘዋል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ልኩን ደግማችሁ ተመልከቱ። ሱፉ ግን በታጠበ ቁጥር እንደገና መወጠር አለበት።

የባሕሩ ቀለም

ሁለተኛውን ስትሠሩ ቀለም ልትቀላቅሉ ትችላላችሁ። የሼትላንድ በጎች ስም የወጣላቸው 11 ዋና የተፈጥሮ ቀለሞች አሏቸው፤ ሙሪት የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሼላ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ከእነዚህ ናቸው። የደሴቶቹ ሴቶች ያለ ማቅለሚያ፣ ከነጭ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ቡናማ እየተሸጋገሩ ይህንኑ ንድፍ ለዕለት ልብሳቸው ይሠሩት ነበር። ቀለም የሚለወጠው ሁልጊዜ በ1ኛው ረድፍ ነው። ሦስት ቀለም ይበቃል፤ በየሁለት ድግግሞሹ ብትቀይሩ ከጥልቁ ባሕር ወደ ዳርቻው የሚመጣ ውኃ ይመስላል። ከአራት ካለፈ የክሮቹን ጫፍ ስታስገቡ ትማረራላችሁ።

የጨረሳችሁትን አጥፋችሁ እንጂ ሰቅላችሁ አታስቀምጡ፤ ተሰቅሎ የከረመ ዳንቴል በክብደቱ ይረዝማል። ብል ሱፍ ይወዳልና ንጹሑን ብቻ በጨርቅ ከረጢት አስገቡ። የጋብቻ ቀለበቱንም እንዳትሞክሩት። ክራችን ከአንስት ሴቶች ክር ብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ እኔ ሞክሬ ሻሉም ቀለበቱም ተጣብቀው በሳሙና ነው የተላቀቁት። በእጅ አምባር ግን ያልፋል።